በስልክ ለሚደረግ የእንስሳት ሐኪም የቃል ፈተና እንዴት መዘጋጀት ይገባል?

ለዚህ ዓመት መጽሔታችን አንድ ጠቃሚ ነገር እንድጽፍ አዘጋጆቹ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ስለ ታላላቅ ሰዎች ታሪክና ስለ ትምህርት ጥቅም ከእኔ የተሻሉ ጓደኞቼ ጽፈዋል። እኔ ግን በዚህ ዓመት በቤታችን ውስጥ በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁትና እንደ ዐቅሜም የረዳሁበት አንድ ትምህርት አለ። ይኸውም ታላቅ እኅቴ በእንስሳት ሕክምና ሥራ ለመቀጠር በስልክ የቃል ፈተና ስትፈተን፣ በመጀመሪያው ስትወድቅ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ስትዘጋጅ የተማርኩት ነው።

«እኛ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል ቢኖር መልሴ ይህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እያንዳንዳችን በአንድ ሙያ ሰልጥነን፣ የማናየው ሰው በስልክ «ስለ ራስህ ንገረኝ» የሚለን ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን መማር ከመጀመር ዛሬ ማወቅ ይሻላል። ወላጆችም ቢያነቡት፣ ልጃቸው በር ዘግታ በስልክ ስትነጋገር ለምን ዝምታ እንደሚያስፈልግ ይረዱታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ሙያው ጥቂት ቃል

አስቀድሞ ስለ ሙያው ክብር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከጓደኞቻችን መካከል «ሐኪም እሆናለሁ» ሲባል የሚደሰቱ፣ «የከብት ሐኪም እሆናለሁ» ሲባል ግን ፈገግ የሚሉ አሉ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። ነገር ግን በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋር ወደ አገራችን ገብቶ፣ በብዙ ጸሐፊዎች ግምት ከአሥር ከብት ዘጠኙን ፈጀ። በሬ ሲያልቅ ማረስ ቀረ፤ ማረስ ሲቀር እህል ጠፋ፤ እህል ሲጠፋ ሰው አለቀ። አባቶቻችን ያን ዘመን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት። እንግዲህ የከብት ጤናና የሰው ጤና አንድ ገመድ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

ይህ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። የጠፋው ግን በአንድ ቀን አይደለም። በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 ተመሠረተ፤ ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው ለብዙ ዓመታት አገር ላገር እየዞሩ ከተቡ፤ በአፋር ደግሞ ራሳቸው አርብቶ አደሮቹ ሰልጥነው፣ ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው በየመንጋው ገቡ። አገራችን ከበሽታው ነጻ መሆኗ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ታወቀላት፤ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ደግሞ ከምድር ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ተነገረ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ፈጽሞ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ በሙያው ፈገግ ማለቴን ተውኩ።

እኅቴ ይህን ሙያ የተማረችው እዚሁ አጠገባችን፣ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረ መሆኑን፣ ከተማችንም በዚያ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል እንደ ነበር ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን ሰምተናል።

ፈተናው ለምን በስልክ ሆነ?

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር መዘርጋት ተጀመረ። ያን ጊዜ የስልክ ጥቅም የሩቁን ከቅርቡ ማገናኘት ነበር፤ ዛሬም ጥቅሙ ያው ነው። ቀጣሪው አዲስ አበባ፣ ሥራው ቆላ አገር፣ ሥራ ፈላጊዋ አምቦ ስትሆን፣ ሁሉን አመልካች ጠርቶ መፈተን ለጠሪውም ለተጠሪውም ወጪ ነው። ስለዚህ ብዙ ድርጅቶች መጀመሪያ በስልክ ያነጋግራሉ፤ ከዚያ የተሻሉትን ጥቂቶች ብቻ ለተግባር ፈተና ይጠራሉ።

ይህ ለድሀ ልጅ መልካም ነው፤ የአውቶቡስና የአልቤርጎ ገንዘብ ያድናል። ነገር ግን ለእንስሳት ሐኪም አንድ ከባድ ችግር አለበት። የዚህ ሙያ ዕውቀት የሚኖረው በእጅና በዓይን ነው። ላሟን ዳብሶ፣ የሆዷን ድምፅ አዳምጦ፣ ድዷን ገልጦ አይቶ የሚያውቅ ሰው በስልክ እጁ አይታይለትም። ያለው ድምፁ ብቻ ነው። በድምፅ ብቻ እጅን ማሳየት እንዴት ይቻላል? የጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ፈተና እንዴት እንደ ከሸፈ

እኔና እኅቴ የምንኖረው አምቦ ከተማ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። አባታችንና እናታችን ከጉደር ወዲያ በገጠር ያርሳሉ። እኅቴ ከተመረቀች በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሥራ ሳታገኝ ቆይታለች። የቤቱን ኪራይ የሚከፍሉት አባታችን ነበሩ፤ ባለፈው ክረምት ሁለት በግ የሸጡት ለዚሁ ነው። ይህን የምጽፈው ለማማረር ሳይሆን፣ የዚያች አንዲት የስልክ ጥሪ ክብደት ምን ያህል እንደ ነበረ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ እኅቴ ከገበያ ጤፍ ሸምታ በባጃጅ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። «ከአንድ ድርጅት ነው፤ ላመለከቱበት ሥራ አሁን ልናነጋግርዎ እንችላለን?» አሏት። እርስዋም እንዳያመልጣት ብላ «አዎ፣ ይቻላል» አለች። ባጃጁ ይጮኻል፤ ከረጢቱ እግሯ ላይ ተደግፏል፤ ነጂው ከሌላ ተሳፋሪ ጋር ስለ ሒሳብ ይከራከራል። «ምጥ የጠናባት ላም ዘንድ ቢጠሩ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ጠየቋት። እኅቴ ቸኩላ የመድኀኒት ስም መቁጠር ጀመረች። ጥያቄውን ሳትጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ እንዳትደውል ሒሳብ አልነበራትም። ካርድ ገዝታ ስትደውል የሚያነሳ አልተገኘም። ከዚያም በኋላ ሳይደውሉላት ቀሩ።

ማታ ቤት ገብታ እንጀራውን ሳትነካ ተቀመጠች። «እኔ እኮ መልሱን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ስንተኛ ወሊድዋ እንደ ሆነ፣ ማማጥ ከጀመረች ስንት ሰዓት እንደ ሆናት፣ የእንሽርት ውኃዋ ፈስሶ እንደ ሆነ፣ የጥጃው እግር ታይቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይቀድማል። ከዚያ እጅ ታጥቦ ጥጃው እንዴት እንደ ተኛና በሕይወት መኖሩን መዳሰስ ነው። መድኀኒት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ጉደር ስንማር በእጄ ሠርቼዋለሁ።» የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ነው። ጥፋቱ የጠያቂዎቹ ወይም የመስመሩ ብቻ አልነበረም፤ «ለአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ይስጡኝና ጸጥ ካለ ቦታ ልደውልልዎ» ማለት ይቻል ነበርና። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ሆነን።

ለሁለተኛው እንዴት ተዘጋጀን?

በጥር ወር ሌላ ድርጅት ስልክ ደውሎ ቀንና ሰዓት ቆረጠላት፤ ሐሙስ ጧት በአራት ሰዓት። ስምንት ቀን ነበረን። ያደረግነውን በተራ እጽፋለሁ።

1ኛ. ማስታወቂያውን እንደ ፈተና ጥያቄ ማንበብ። እኅቴ የሥራ ማስታወቂያውን በእጇ ገለበጠችና በእያንዳንዱ መስመር ሥር «ይህን የሠራሁት የት ነው?» ብላ ጻፈች። ሥራው ክትባት መስጠት፣ በክሊኒክ ማከምና የአካባቢውን ሰዎች ማሰልጠን ነበር። ቦታውም ቆላ ነው። በምዕራብ ሸዋ ውስጥ እንኳ የደጋውና የቆላው በሽታ አንድ አይደለም። በደንዲና በጀልዱ ደጋ ስለ በግና ስለ ፈረስ የሚጠየቅ ሐኪም፣ ወደ ባኮ ወርዶ በጊቤ ሸለቆ ሲደርስ የቆላ ዝንብ ስለሚያስተላልፈው ስለ ገንዲ ይጠየቃል። ስለዚህ የሚሄዱበትን አገር ከብት፣ አየርና በሽታ አስቀድሞ ማጥናት ያስፈልጋል።

2ኛ. አንዲት ወረቀት ማዘጋጀት። በስልክ ስንፈተን ወረቀት ፊታችን ማስቀመጥ እንችላለን፤ ይህ የስልክ አንዱ ጥቅም ነው። ነገር ግን መጽሐፍ መግለጥ አይቻልም፤ የገጹ ድምፅ ይሰማል፤ የሚያነብ ሰው ድምፅም ከሚናገር ሰው ድምፅ ይለያል። እኅቴ በአንድ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈችው ሰው ሲደነግጥ የሚጠፉትን ቁጥሮች ብቻ ነበር። የጤነኛ ከብት ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ፤ የፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5፤ የላም እርግዝና 283 ቀን ያህል፤ የበግ 150 ቀን ያህል፤ የአህያ 12 ወር ያህል፤ ብዙው ክትባት የሚቀመጥበት ቅዝቃዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ከዚህ ሌላ የተመረቀችበትን ዓመትና የተለማመደችባቸውን ቦታዎች ጻፈች።

3ኛ. መልስን በተራ ማስቀመጥ። ዋናው ይህ ነው። ጠያቂው ላሟን አያያትም፤ እንድታሳየው የምትጠበቀው ተፈታኟ ናት። ስለዚህ ስለ አንድ በሽተኛ እንስሳ ሲነገር ሁልጊዜ በአንድ ተራ መሄድ ይገባል። ምን ዐይነት እንስሳ? ዕድሜው ስንት? ወንድ ነው ሴት? ከታመመ ስንት ቀን ሆነው? ከመንጋው ስንቱ ታመመ፣ ስንቱ ሞተ? ይበላል ወይ፣ ያመነዥካል ወይ? እኔ ምን አየሁ፣ ምን ለካሁ? ምን ጠረጠርኩ? ምን አደረግሁ? በመጨረሻስ ምን ሆነ? በዚህ ተራ የሄደ መልስ ሰሚው ዐይኑን ጨፍኖ እንኳ ላሟን ያያታል። ይህ ተራ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሐኪሙ በሽተኛው ዘንድ ሲደርስ ባለቤቱን የሚጠይቅበት ተራ ነው። እንስሳ ስለማይናገር ሐኪሙ ስለ እርሱ መናገርን የተማረ ሰው ነው። ስለ ከብቱ መናገር የሚችል ሰው በዚያው ሥርዐት ስለ ራሱ መናገር አይሳነውም።

4ኛ. ፊት ሳይታይ መለማመድ። ማታ ማታ እኔ ጠያቂ ሆኜ ከመጋረጃው ወዲያ እቀመጥ ነበር። ፊቴን እያየች ስትመልስ፣ ስስቅ ትስቃለች፣ ራሴን ስነቀንቅ ትተማመናለች። መጋረጃው ሲጋረድ ግን ዝም ስል ትደነግጥና አንዱን መልስ ሦስት ጊዜ ትደጋግማለች። ስለዚህ ሆን ብዬ ከመልሷ በኋላ እስከ ሃያ እየቆጠርኩ ዝም ማለት ጀመርኩ። በስልክ ዝምታ ማለት ጠያቂው ይጽፋል ማለት ሊሆን ይችላል። መልስን ጨርሶ ዝም ብሎ መጠበቅ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

5ኛ. የገበሬውን ቋንቋና የመጽሐፉን ቋንቋ ማገናኘት። እኅቴ ሙያውን የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአባታችን ጋር የምትነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ ቀጣሪዎቹ ደግሞ በአማርኛ ጀምረው ወደ እንግሊዝኛ ሊዞሩ ይችላሉ። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ገንዲ፣ አፍተ ግር፣ የዶሮ ፈንግል፤ እያንዳንዱን ስም በሦስቱም ቋንቋ በቃሏ አጠናች። ገበሬው በሚጠራው ስም በሽታውን የማያውቅ ሐኪም መጽሐፉን ቢያውቀውም በሽተኛውን አያገኘውም።

6ኛ. ቦታውንና ስልኩን መፈተን። ከቤታችን አጠገብ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ይፈጫል። ስለዚህ አክስታችን ቤት ሄደን፣ ከአንድ ቀን በፊት በዚያው በአራት ሰዓት ከየትኛው ጥግ ድምፅ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ በስልክ ሞከርን። መብራት ቢጠፋ ብለን ስልኩን ማታውኑ ሞላን፤ የእኔንም ስልክ መጠባበቂያ አደረግን፤ ሒሳብ ሞላን። አክስታችን ቡናውን ከሰዓት በኋላ ሊያፈሉ ቃል ገቡ፤ የጎረቤት ልጆችንም እኔ በር ላይ ቆሜ ልጠብቅ ተስማማን።

የበሬያችን ነገር

በልምምዱ ሦስተኛ ማታ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ «በሥራዎ ላይ ከባድ ውሳኔ የወሰኑበት ጊዜ ካለ ይንገሩን» ብዬ ጠየቅኋት። ይህን ጥያቄ ሰዎች እንደሚወዱት ሰምቼ ነበር። እኅቴ «ተማሪ ስለ ነበርኩ ብዙ ውሳኔ አልወሰንኩም» አለች። እኔም መጋረጃውን ገልጬ «እትዬ፣ የበሬያችንን ነገር ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኅቴ የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ሳለች፣ በሰኔ ወር፣ ማታ ደኅና ሆኖ ከእርሻ የገባ በሬያችን ጧት ሞቶ ተገኘ። ሆዱ ተነፍቷል፤ ከአፍንጫው ጥቁር ደም ይወርዳል። ጎረቤቶች ቢላዋ ይዘው መጡ፤ በእርሻ ወቅት በሬ ለሞተበት ሰው ሥጋውን ተካፍሎ ገንዘብ ማዋጣት የቆየ ደግነት ነውና። አባታችን ግን ቢላዋው ሳይነሳ ስልክ ደወሉ። እኔ ለዕረፍት እዚያው ስለ ነበርኩ ስልኩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

እኅቴ ከጉደር ሆና ጥያቄ ጀመረች። «አባባ፣ ማታ በልቷል? ደሙ ረግቷል ወይስ እንደ ውኃ ይፈሳል? እግሩ ደርቋል ወይስ ይታጠፋል? ሌላ የታመመ ከብት አለ?» አባታችንም በየተራ መለሱ። ደሙ አልረጋም፤ እግሩም አልደረቀም። እኅቴ ድምፅዋ ተለወጠ። «አባ ሰንጋ ይመስለኛል። እባክዎን አይክፈቱት፣ ቆዳውንም አይግፈፉት፤ ውሻ አያስጠጉ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይደውሉ» አለች። የአባ ሰንጋ ተሕዋስ በሬው ሲከፈት ከአየር ጋር ተገናኝቶ ጠንካራ ዘር ይሆናል፤ ያ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያል። ሥጋውን የበላም የነካም ሰው ይታመማል።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ ሽማግሌ ተቈጥተው «ከተማ ተቀምጣ በስልክ ሥጋ የምትከለክል ሐኪም አይተን አናውቅም» አሉ። አባታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ሥጋውና ቆዳው የበሬው ግማሽ ዋጋ ነበር። ከዚያ «ጉድጓድ ቆፍሩ» አሉ። የወረዳው ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከበሬው ጆሮ ጥቂት ደም በመስታወት ላይ ወሰደ፤ በሬው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ኖራ ተደርጎበት ተቀበረ፤ የሰፈሩም ከብት ተከተበ። በምርመራው አባ ሰንጋ መሆኑ ታወቀ። ሌላ ከብት አልሞተም፤ ሰውም አልታመመም። እኛ ግን በዚያ ክረምት አንድ በሬ ብቻ ስለ ቀረን ከአጎታችን ጋር በመቀናጆ አረስን።

ይህን ሳስታውሳት እኅቴ ብዙ ዝም ብላ ቆየች። «ይህ እኮ የቤታችን ጉዳት ነው፤ ለባዕድ እንዴት ይነገራል?» አለችኝ። እኔም «ጉዳቱ የእኛ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የሙያሽ ነው» አልኳት። ያንኑ ማታ ነገሩን በተራ አስቀምጣ በሦስት ደቂቃ መናገርን ተለማመደች።

የፈተናው ቀን

ሐሙስ በአራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ስልኩ ጮኸ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ቀጥሎ የምጽፈው ወዲያው ስትጨርስ የነገረችኝን ነው።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ስማቸውን ሲናገሩ ጻፈች። በመጀመሪያ «ድምፄ በደንብ ይሰማል? መስመሩ ቢቋረጥ እኔ ልደውል ወይስ እርስዎ ይደውላሉ?» ብላ ጠየቀች፤ «እኛ እንደውላለን» አሏት። እውነትም አንድ ጊዜ ተቋረጠ፤ ነገር ግን ውል ስለ ነበር አልደነገጠችም።

የበሬውን ታሪክ ስትነግራቸው አንደኛው «ጎረቤቶቹ እምቢ ቢሉስ ምን ያደርጉ ነበር?» አላት። ቀጥሎ መብራት ሲጠፋ ክትባት እንዴት እንደምታድን ተጠየቀች። ማቀዝቀዣውን አለመክፈት፣ ሙቀት መለኪያውን እየተመለከቱ መመዝገብ፣ ቅዝቃዜው ሊያልፍ ሲል በበረዶ ወደ ተሞላ ሣጥን ማዛወር፣ የተበላሸውን ግን ሰው ፊት ላለማፈር ብሎ አለመውጋት፤ ይህን ሁሉ በተራ መለሰች።

በመጨረሻ ያልጠበቀችው መጣ። ስለ ግመል በሽታ ጠየቋት። እኅቴ ስለ ግመል በመጽሐፍ ጥቂት አንብባለች እንጂ ግመል በእጇ ነክታ አታውቅም። «ግመል አክሜ አላውቅም። ከላም የሚመሳሰለውን አውቄ በዚያ መጀመር እችላለሁ፤ ነገር ግን የመድኀኒቱን መጠን ሳላረጋግጥ አልሰጥም፤ ከእኔ በፊት በቦታው የሠራ ሰው አጠገብ ሆኜ ብማር እወዳለሁ» አለች። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። እኅቴ እስከ ሃያ ቈጠረች።

ጥያቄ እንዳላት ሲጠይቋት ሦስት ጠየቀች። በጣቢያው ማቀዝቀዣ አለ ወይ? ወደ መንጋው የሚደረሰው በምንድር ነው? ሲቸግረኝ የምጠይቀው ሐኪም ማን ነው? ደመወዙንም በመጨረሻ ያለ ኀፍረት ጠየቀች፤ ሠራተኛ ደመወዙን መጠየቁ ነውር አይደለምና። ስልኩን ከዘጋች በኋላ የተጠየቀችውን ሁሉ ሳትረሳ በደብተር ጻፈች፤ አጭር የምስጋና መልእክትም ላከች። ከዚያ አክስታችን ቡናውን አፈሉ።

በዘጠነኛው ቀን ለተግባር ፈተና ጠሯት። በዚያም ከጠያቂዎቹ አንደኛው «በስልክ ያሳመኑን ስለ ግመል የመለሱልን መልስ ነው» አላት። ከመጋቢት ወር ጀምሮ በሥራ ላይ ናት።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት በአጭሩ ይህ ነው። በስልክ የሚፈተን ሰው ዕውቀቱን ማሳመር አይጠበቅበትም፤ ያየውን በተራ ማሳየት፣ ያላወቀውን አላውቅም ማለት፣ ዝምታንም መታገሥ ይበቃዋል። ይህ ደግሞ በስምንት ቀን ብቻ አይገኝም። በክፍላችን መምህራችን ሲጠይቁን ተነሥተን በሙሉ ዐረፍተ ነገር የምንመልስባት እያንዳንዷ ቀን ለዚያ ፈተና ዝግጅት ናት።

አንድ ነገር ጨምሬ ልፈጽም። ለፋሲካ ወደ ቤት በሄድኩ ጊዜ፣ በበሬው ነገር ተቈጥተው የነበሩት ሽማግሌ ማታ ወደ ቤታችን መጡ። ላማቸው ታማባቸው ነበር። አባታችን ለእኅቴ ደውለው ስልኩን ሰጧቸው። ሽማግሌውም ሳይጠየቁ እንዲህ ብለው ጀመሩ፤ «ልጄ፣ ላም ናት፤ አራት ወልዳለች፤ ካመማት ሁለት ቀን ነው፤ ሌላ የታመመ የለም፤ ከትናንት ወዲህ አላመነዠከችም።» እኅቴ ከዚያ ወዲያ የጠየቀቻቸው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው።